እህቴ ወደ አዳራሹ የተመለሰችበት ቅዳሜ

ሰውዬው ወደ እህቴ ጁስ ቤት የገባው አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የታችኛው ሰፈራችን የሲቀላ ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ለጥላ በሚያስኬድበት ሰዓት ነው። እኔ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ በሚኒባስ ወርጄ፣ ማቀዝቀዣው አጠገብ ተቀምጬ የሰባተኛ ክፍል ፈተና አርም ነበር። እህቴ ማንጎ ትልጣለች። ሰውዬው ምንም አላዘዘም። በሩ ላይ ቆሞ አየት አደረጋትና፣ «እትዬ፣ አላወቅሽኝም?» አላት።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

ድምፅዋን ሲሰማ ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ ያለ መስሎት ዞር ዞር አለ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። የእህቴ ድምፅ ወፍራምና ሻካራ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ወንድ ይመስላል። ስልክ ስታነሳ አዳዲስ ደንበኞች «ወንድሜ፣ ባለቤቷን አገናኘኝ እስቲ» ይሏታል። አታርማቸውም። «ምን ፈልገህ ነው?» ትላለች፣ ትዕዛዙን ትቀበላለች፣ ትዘጋለች።

ሰውዬው የሰፈራችን የጭፈራ አዳራሽ ባለቤት ልጅ ነኝ አለ። እህቴ እዚያ ትዘፍን በነበረበት ዘመን እሱ ገና ልጅ ነበር፤ ከመድረኩ ጀርባ እየሾለከ ያያት እንደነበር ነገራት። አባቱ ካረፈ ቆይቷል። ቤቱን ለዓመታት ሙዝ ነጋዴዎች ተከራይተው መጋዘን አድርገውት ነበር፤ አሁን አስለቅቆ አድሶታል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ባንድ ይጫወታል» አለ። «የምሽቱ ጨዋታ በጊዜ ጀምሮ በጊዜ ያልቃል፤ እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነው። ጎረቤቱ እንዳይቀየመን።»

«ጥሩ አደረግህ» አለች፤ መላጧን አላቆመችም።

«አንቺ በክብር እንግድነት እንድትመጪልኝ ነው የፈለግሁት።»

«እኔ መጥቼ ምን ልሠራ?»

«ልጆቹ ያንቺን ዘፈን ይጫወቱታል፣ እትዬ።»

ያኔ ቢላዋውን አስቀመጠችው። «ከየት አገኙት?»

ዘፈኑ ተቀርፆ የወጣ አልነበረም። እህቴና የያኔው ኪቦርድ ተጫዋች አንድ ክረምት አብረው የሠሩት፣ ከአዳራሹ ግድግዳ ውጭ ብዙም ያልተሰማ ዘፈን ነው። ሰውዬው ግን አባቱ አንድ ምሽት ጠረጴዛ ላይ ቴፕ አስቀምጦ የቀዳው ካሴት እንዳገኘ፣ የአሁኗ ዘፋኝም ከዚያ ላይ አጥንታ እንደምትዘፍነው አስረዳት።

እህቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከዚያ፣ «ይጫወቱት። የእኔ ብቻ አይደለም። እኔ ግን አልመጣም» አለችው። አቮካዶ ጁስ ቀድታ ሰጠችው። አመስግኖ ጠጥቶ ሄደ።

እህቴ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን ከጨንቻ ወርዶ ሲቀላ የሰፈረ ሸማኔ ነበር። ቤት ውስጥ ጋሞኛ፣ ከበር ውጭ አማርኛ እያወራን ነው ያደግነው። ቤተ ክርስቲያናችን ፕሮቴስታንት ነው፤ እህቴ መዝሙር የጀመረችው ልጅ ሆና እዚያው መዘምራን ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላት ሲል አንድ ሠርግ ላይ ስትዘፍን የአዳራሹ ባለቤት ሰማት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜን ከእኛ ጋር አምሽታ አታውቅም።

የመዘምራኑ መሪ የመዝሙር ልብሷን እንድትመልስ ነገራት። አጥባ፣ ተኩሳ መለሰች። አባታችን አልተቆጣም፣ አልመታም። እራቱን እሷ ሳትመጣ እየበላ መተኛት ጀመረ፤ ይኸው ነበር ቅጣቱ። እናታችን ጸለየች።

ቤታችን ከአዳራሹ ብዙም አይርቅም፤ መሀል ላይ ያሉት ሁለት ግቢዎች ብቻ ናቸው። ድራሙና ቤዝ ጊታሩ መስኮታችንን ያንቀጠቅጡታል፤ ከጦሩ ባንድ የወጣ ሳክስፎን ተጫዋችም ነበራቸው። ከዚያ ሁሉ በላይ የእህቴ ድምፅ ይመጣል። ቀጭንና ንጹሕ ነበር። ልጅ ስለሆንኩ አዳራሹ ውስጥ አልገባም፤ ሳድግም ገብቼ ለማየት ዕድሉ ሳይገጥመኝ ቀረ። ስለዚህ እህቴን ስትዘፍን ሰምቻለሁ እንጂ አይቼ አላውቅም። አልጋዬ ላይ ሆኜ የምሰማው ድምፅና ጠዋት ተነስታ በርበሬ የምትደልዘው እህቴ ለእኔ ሁለት ሰው ነበሩ።

አዳራሹ በአንድ ቀን አልተዘጋም። መጀመሪያ ሳክስፎን ተጫዋቹ ሀገሩ ገባ። ከዚያ ባንዱ ተበትኖ አንድ ኪቦርድ ብቻ ቀረ። ከኪቦርዱ በኋላ ዲጄ መጣ። ዲጄው ዘፋኝ አያስፈልገውም። ባለቤቱ ሲታመም በሩ ተቆለፈ፤ ቀጥሎ ሙዝ የጫኑ አይሱዙዎች ግቢውን ሞሉት። እህቴ የጁስ ቤቱን ሥራ የጀመረችው ያኔ ነው።

እንቅርቱም ያደገው በዚያው ጊዜ ነው። በደጋው የእናታችን እህቶች ሁሉ ነበራቸው፤ እንደ ቤተሰብ መልክ አድርገን ነው የምናየው። እያደር ግን ስትተኛ ያፍናት ጀመር። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የተባለው ለእኔ ነው፤ የእኔ ግን በዘፈን ላይ እንቅርት ሆነ» ትል ነበር። አዲስ አበባ ሄዳ ኦፕራሲዮን ሆነች። ሐኪሙ አስቀድሞ፣ የድምፅ ነርቭ በዚያ በኩል እንደሚያልፍ፣ ሊነካ እንደሚችል ነግሯታል። መታፈኑ ይበልጣልና ፈረመች። እንቅርቱ ወጣ፤ ድምፅዋም በዚያው ተለወጠ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሳለች። ከኋላ ትቀመጣለች። መዝሙር ሲዘመር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

ሰውዬው መጥቶ ከሄደ በኋላ ብዙ ቅዳሜ አለፈ። ሰው ስለ አዳራሹ ሲያወራ እሰማለሁ። የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ሳይቀር ይነሳል፤ ዓሣው ጥሩ ነው፣ ዘፋኟ ልጅ ጎበዝ ናት፣ በጊዜ ቤት ያስገባል። እህቴ ፊት አላነሳሁም።

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደወለች።

«ዛሬ ማታ ሥራ አለሽ?»

«የለኝም። ምነው?»

«እንግዲያው ለብሰሽ ውረጂ። ልጆቹን ባልሽ ይያዛቸው።»

«የት ልንሄድ ነው?»

«አንቺ ደግሞ፤ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ለባለቤቴ ስነግረው እንደሚያንገራግር ገምቼ ነበር። እሱ ከእኔ በላይ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ትንሽ አሰበና፣ «ዓሣው ጥሩ ነው አሉ። ስትመለሺ አስጠቅልለሽ አምጪልኝ» አለኝ።

ጁስ ቤቷ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ በስስ ሻርፕ ሸፍናዋለች። እንደዚያ ለብሳ ካየኋት ቆይቷል። «አምሮብሻል» ስላት፣ «ዝም ብለሽ ሂጂ» አለችኝ።

አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ መጀመሪያ የተቀበለን የሙዝ ሽታ ነው። ግድግዳው ተቀብቷል፣ ወለሉ ሴራሚክ ሆኗል፣ አዳዲስ መብራቶች ተሰቅለዋል፤ የበሰለ ሙዝ ሽታ ግን ከጣሪያው እንጨት አልወጣም። ከተጠበሰ ዓሣ ሽታ ጋር ሲቀላቀል መጥፎ አይደለም። ጠረጴዛዎቹ ግማሽ ያህሉ ተይዘዋል። የባንክ ሠራተኞች የመታወቂያ ባጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ተቀምጠዋል። ባጃጅ ነጂዎች አንድ ረጅም ጠረጴዛ ይዘዋል። አንድ የተማሪዬ አባት ከሩቅ «ቲቸር!» ብሎ እጁን አነሳልኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ጁስ ቤት መጥቶ የነበረው ሰውዬ፣ የአሁኑ ባለቤት፣ እየሮጠ መጣ። ከፊት፣ ከመድረኩ ሥር የተዘጋጀ ጠረጴዛ አሳየን። እህቴ ከኋላ፣ ከግድግዳው አጠገብ ያለውን መረጠች።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «መጥቻለሁ። ግን ስሜን እንዳትጠራ። ተነሺም እንዳትለኝ።»

«በአባቴ አፅም!» አለ።

«አባትህን ተወው፤ አንተው ራስህ ቃል ግባልኝ።»

«እሺ፣ እትዬ። ስምሽን አልጠራም።»

ዓሣ አዘዝን፤ የሚያቃጥለው ማባያ፣ ዳጣው፣ ለብቻ እንዲመጣ ነገርን። ዓሣውን ስንጠብቅ እህቴ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። «ቀስ ብለሽ ዙሪ። ከምሰሶው አጠገብ።»

ዞር ስል ከቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆናት አንዱን አየሁት። እሑድ እሑድ በር ላይ ቆሞ እጃችንን እየጨበጠ የሚያስገባን ሰው ነው። ለብቻው ተቀምጦ ዓሣ እየበላ ነው። እኔ ሳየው እሱም አየኝ። ዓሣው ጉሮሮው ላይ ቆመ መሰለኝ። ለጊዜው ሁለታችንም ያልተያየን መስለን ፊታችንን አዞርን። ጥቂት ቆይቶ አስተናጋጇ ሁለት ለስላሳ አምጥታ፣ «ከዚያኛው ጋሼ ነው» አለችን። ዲያቆኑ ከመቀመጫው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳን። ከዚያ አላስቻለውም መሰለኝ፣ ተነስቶ መጣ።

«እህቶች፣ ሰላም ናችሁ? እኔ እንኳ ከአንድ ሰው ጋር ቀጠሮ ይዤ ነበር። ቀረብኝ።»

«እኛም ዓሣ ልንበላ ነው» አለች እህቴ።

«ዓሣው ጥሩ ነው» አለ በጣም ተደስቶ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

ባንዱ አምስት ልጆች ነበሩ። ድራም፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ዘፋኟ። ዘፋኟ ከጨንቻ የመጣች፣ ቀን ቀን ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ ናት። ሰው የሚያውቃቸውን ዘፈኖች አከታትለው ተጫወቱ። መጀመሪያ የባጃጅ ነጂዎቹ ተነሱ፤ ቀጥሎ የባንክ ሠራተኞቹ ባጃቸውን አውልቀው ተነሱ። የጋሞ ዘፈን ሲመጣ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። እህቴ ዓሣውን እሾህ እያወጣች ለእኔ ታቀርባለች፤ እሷ እምብዛም አልበላችም። ዓይኗ ልጆቹ እጅ ላይ ነው። አንዴ ብቻ፣ «ድራመሩ ጥሩ ነው። አይቸኩልም» አለች።

ከዚያ መብራቱ ትንሽ ደበዘዘና ኪቦርዱ ብቻውን ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ስሰማ ሰውነቴ ቀድሞኝ አወቀው። ልጅ ሆኜ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የሰማሁት ዘፈን ነው። ስለ ሁለቱ ሐይቆች ነው፤ ስለ አባያና ጫሞ፣ ጎረቤት ሆነው ስለማይገናኙት። ልጅቷ ቀስ ብላ ገባች። ድምፅዋ የእህቴን አይመስልም፤ ትንሽ ይወፍራል፣ መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ቆንጆ ነው።

እህቴ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ አስቀመጠች። አላለቀሰችም። እየጠበቅሁ ስለነበር በደንብ አይቻታለሁ፤ አላለቀሰችም። ጭንቅላቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ ሰው የሩቅ ነገር ለመስማት እንደሚያደርገው፣ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሁለት ግጥም ከነአዝማቹ ሲያልቅ ሰው አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች።

ባለቤቱ መድረክ ላይ ወጣ። ማይኩን ሲይዝ ነገሩ ገባኝ።

«ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ ዘፈን የተወለደው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ስም አልጠራም፤ ቃል ገብቻለሁ። ግን የዘፈኑ ባለቤት ዛሬ ከግድግዳው አጠገብ፣ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ...»

«ይሄ ውሸታም!» አለች እህቴ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ጭብጨባው እንደገና ተነሳ፤ የቆዩት የሰፈር ሰዎች አወቋትና ቆሙ። ዘፋኟ ልጅ ማይኩን ይዛ ከመድረክ ወረደች፤ ወደ እኛ መጣችና ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ሰላም አለቻት። «እትዬ፣ አንድ ቃል ብቻ» አለቻት። እህቴ ባለቤቱን በዓይኗ ጠበሰችው፤ ልጅቷን ግን አየቻትና ተነስታ ማይኩን ተቀበለች።

«እንደምን አመሻችሁ?» አለች።

ያ ድምፅ በትልቁ ስፒከር ሲወጣ ከጁስ ቤቱ በሦስት እጥፍ ወፈረ። ከባጃጅ ነጂዎቹ ጠረጴዛ ሳቅ ፈነዳ። አንዱ ሲስቅ ሌላው ተከተለ፤ አንዱ አፉን በእጁ ለመያዝ ሞከረ። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ተነሳሁ። እህቴ ሳታየኝ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ወደ ወንበሬ መለሰችኝ።

«ሳቁ፣ ችግር የለውም» አለች። «እኔም ከኦፕራሲዮን ስነቃ፣ ነርሷን ውሃ ስጪኝ ስላት አጠገቤ አልጋ ላይ የተኛ ሰውዬ የተናገረ መስሎኝ ዞሬ አይቻለሁ። ክፍሉ የሴቶች ክፍል ነበር።»

አሁን አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። የተለየ ሳቅ ነበር፤ የባጃጅ ነጂዎቹ ናቸው አጥብቀው ያጨበጨቡት።

እህቴ ዝም እስኪሉ ጠበቀችና ቀጠለች። «ልጄ በጣም ቆንጆ አድርጋ ተጫውታዋለች። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ጥፋቷ አይደለም፤ ካሴቱ እዚያ ላይ አልቆ ነው። ሦስተኛ ግጥም አለው። እኔ አልዘፍነውም፣ አልችልም። ልንገራትና እሷ ትዝፈነው።»

ልጅቷን እጇን ይዛ ወደ መድረኩ ሄደች። ሦስቱን ደረጃ ስትወጣ ቀሚሷን ትንሽ ሰብሰብ አደረገች። ለኪቦርዱ ልጅ አንድ ነገር ነገረችው፤ ልጁ ራሱን ነቀነቀና ረጋ ያለ ድምፅ ይዞ ቆየ። እህቴ ወደ ልጅቷ ዞራ፣ ልክ ለልጅ ትምህርት እንደሚነገር፣ የመጀመሪያውን ስንኝ ተናገረች።

«ሐይቅና ሐይቅ ሆነን ጎን ለጎን ተኝተን፣»

ልጅቷ ዘፈነችው።

«ድልድዩ መሀል ገብቶ ሳንነካካ ቀረን፤»

ልጅቷ ዘፈነችው። ሁለቱን ሐይቆች የሚለየውን መሬት፣ የእግዜር ድልድይን፣ የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ የለምና «ድልድዩ» ሲባል ከኋላ አንድ ሰው «ወይኔ!» አለ።

«ውሃስ ከውሃ ጋር ምን ጥል ነበረው፣
መሬቱ ነው እንጂ መንገድ የከለከለው።»

ሁለቱን አከታትላ ነገረቻት፤ ልጅቷም ሁለቱን አከታትላ ዘፈነች። «እንደገና» አለች እህቴ። እንደገና ሲጀምሩ ድራመሩና ቤዙ ገቡ። እህቴ ትናገራለች፣ ልጅቷ ትዘፍናለች። ሦስተኛው ዙር ላይ የእህቴ ንግግር ንግግር መሆኑ ቀረ። ዘፈን ነው ለማለትም ይከብዳል፤ ያ ወፍራም ድምፅ ዜማው ሲወጣ ትንሽ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል፣ ከፍ ሲል ይቆረጣል። ሲቆረጥ ልጅቷ ትቀበለዋለች። የስንኙ የመጨረሻ ቃል ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ደረሱ። አዝማቹን ሰው ሁሉ ያዘው። ዲያቆኑ ቆሞ ያጨበጭባል፤ ቀጠሮውን ረስቶታል።

እህቴን ስትዘፍን ያየሁት ያኔ ነው። አርባ ዓመቴን አልፌ፣ ከግድግዳው በዚህኛው በኩል ሆኜ።

ከመድረክ ስትወርድ ባለቤቱ ደረጃው ሥር ቆሞ ይጠብቃታል። «ይቅር በይኝ፣ እትዬ፤ ስም አልጠራሁም» አላት። «አንተ የአባትህ ልጅ ነህ። እሱም እንዲህ ነበር» አለችው፤ ስድብ ይሁን ምስጋና ለእኔም አልገባኝም፣ እሱ ግን ምስጋና አድርጎ ወሰደው። የባሌን ዓሣ አስጠቅልለን ወጣን።

ባጃጅ ውስጥ ብዙም አላወራችም። ጉሮሮዋን በሻርፑ ላይ ታሻለች።

«አመመሽ?» አልኳት።

«ትንሽ ደረቀ። ነገ አላወራም።»

«ለምን ሀሳብሽን ቀየርሽ? ያን ቀን እኮ አልመጣም ብለሽው ነበር።»

ሻርፑን አስተካከለችና፣ «ከወንበር ሆኜ ሰምቼው አላውቅማ» አለችኝ። «ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ላይ ቆሜ ነው የማውቀው። ሰው ምን ይሰማ እንደነበረ ማወቅ ፈለግሁ።»

«እና እንዴት ነው?»

«መግቢያው ረዝሟል» አለች። «ያኔም እንደዚሁ ረዝሞ ከነበረ ሰው ታግሶናል።»

እኔ የልጅቷን ድምፅ፣ የሰውን ጭብጨባ፣ ትልቅ ነገር ነበር የጠበቅሁት። እሷ መግቢያውን ነው ያሰበችው። ቤቷ በር ላይ ስትወርድ ግን የባጃጁን ብረት ይዛ ቆም አለችና፣ «ሲስቁ ፈራሁ። እጄን ትከሻሽ ላይ ያደረግሁት እንዳልወድቅ ነው» ብላኝ ገባች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ዲያቆኑ በር ላይ ነበር። እጃችንን ጨበጠ፤ ሳል ሳል አለውና አሳለፈን። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ እህቴን አስጠሯት። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ድምፅዋ ከደከመ እንድናገርላት።

ሦስት ሽማግሌዎችና ጸሐፊ ሆኖ የሚያገለግለው ያው ዲያቆን ተቀምጠዋል። ትልቁ ሽማግሌ ደግ ሰው ናቸው፤ አባታችንን የቀበሩት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ጭፈራ ቤት ታየሽ ብለው ነገሩኝ። እኔ መፍረድ አልፈልግም። ከአንቺ አፍ ልስማ ብዬ ነው» አሉ።

«ሄጃለሁ፣ አባቴ» አለች።

«ዘፈንሽ?»

«ድምፅ ቢኖረኝ እዘፍን ነበር። ስለሌለኝ ነገርኳት፣ እሷ ዘፈነች።»

«ምን ዓይነት ዘፈን ነው?»

እህቴ ግጥሙን በዝግታ ነገረቻቸው። ትልቁ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሌላኛው ሽማግሌ፣ ወጣት ናቸው፣ ግጥሙ ምንም ይሁን ቦታው ቦታ አይደለም፣ መጠጥ አለ፣ ምሳሌነቱ ጥሩ አይደለም ማለት ጀመሩ። ረጅም ንግግር ነበር። እህቴ አንገቷን ደፍታ ሰማች። የሚናገሩት ነገር ውሸት አይደለም፤ እኔም ልጆቼን ይዤ የምሄድበት ቦታ አይደለም። ግን ያን ምሽት ያየሁትን ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንም እያወራው አልነበረም።

ድንገት ዲያቆኑ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እኔም ነበርኩ» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ፊቱ ቀልቷል። «ዓሣ ልበላ ብዬ ነው የሄድኩት። ከዚያ በፊትም ሄጃለሁ። እሷ የተጠየቀችውን እኔም ልጠየቅ።»

ትልቁ ሽማግሌ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ የመነጽራቸውን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ዓሣው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ነገሩ በዚያው አለቀ ማለት አይቻልም። ወጣቱ ሽማግሌ እስካሁን እህቴን ከሩቅ ነው ሰላም የሚሏት፤ አንዳንድ ሴቶችም ጁስ ቤቷ መምጣት አቁመዋል። መዘምራን ውስጥ የሚመልሳት የለም፣ እሷም አልጠየቀችም። ከኋላ ነው የምትቀመጠው። አሁን ግን መዝሙር ሲዘመር ድምፅዋ ይሰማል፤ ከሁሉ በታች፣ ወፍራም ሆኖ። ከፊቷ የሚቀመጡ ሕፃናት መጀመሪያ መጀመሪያ ይዞሩ ነበር። አሁን ለምደውታል።

ዘፋኟ ልጅ ከፋርማሲ ስትወጣ ጁስ ቤት እየመጣች ታመሻለች። አዳራሹ ውስጥ ያ ዘፈን በሦስት ግጥም ነው የሚዘፈነው። እህቴ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ሄዳለች፤ ሁለቱንም ከኋላ ተቀምጣ፣ ማንም ሳይጠራት።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ልገባ ስል ደወለችልኝ። ዝናብ ካባራ በኋላ ከእንሰት ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ እናታችን በቤታችን ቋንቋ የምትጠራበትን ቃል ነገረችኝና፣ «ይሄ በአማርኛ ምንድን ነው?» አለችኝ።

አሰብኩ። «በአንድ ቃል የለውም» አልኳት። «ከእንሰት ቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ብቻ ነው።»

በሆዷ ቆጠረችው መሰለኝ።

«ረዘመ። ስንኙ ውስጥ አይገባም» አለችና ስልኩን ዘጋችው።